ጅማ ላይ የሥጋ እውነተኛ ዋጋ እንዴት ይሰላል? በሬ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ዓሣና እንቁላልን በፕሮቲን የማወዳደሪያ መመሪያ

ብዙ ሰው «ፕሮቲን በብዛት ያለው የትኛው ሥጋ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሰውን የሚያሳስተው ጥያቄው ራሱ ነው። ቀይ የበሬ ሥጋ፣ ፍየል፣ የዶሮ ደረት፣ ዓሣ፣ ጉበት፣ ሁሉም ሳይበስሉ በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አላቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው አጥንቱ፣ ስቡና ውሃው ላይ ነው። ብራችሁም የሚቀልጠው እዚያው ነው።

ስለዚህ ኪሎን ከኪሎ ማወዳደር ተዉት። ከአጥንት ጋር የተመዘነ ኪሎና ጥሩ ቀይ ኪሎ አንድ ዕቃ አይደሉም። በነፍሱ የተገዛ ዶሮ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በዚህ መመሪያ የምናወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው፦ 20 ግራም ፕሮቲን ስንት ብር ፈጀ? 20 ግራም ለአንድ አዋቂ የአንድ ማዕድ ድርሻ ነው ብላችሁ ያዙት። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን 50 ግራም አካባቢ ይበቃዋል።

ከታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት ማሳያ ብቻ ናቸው። እናንተ በዕለቱ የሰማችሁትን ዋጋ ተክታችሁ አስሉ።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደምትገዙ ወስኑ

ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፉ። «ልጄ ደም አንሶታል» ከሆነ የምትፈልጉት ብረት ነው። «ለቤተሰቡ በቂ ፕሮቲን በትንሽ ብር» ከሆነ ሌላ ነው። «ስብ ቀንስ ተብያለሁ» ከሆነ ደግሞ ሌላ። ዓላማው ካልተለየ ስሌቱን ጨርሳችሁም «እና የቱን ልግዛ?» ብላችሁ ትቀራላችሁ። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አዘጋጁ

- የወጥ ቤት ሚዛን (በግራም የሚያሳይ)
- ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ አንዱ ለሥጋ፣ አንዱ ለአጥንትና ለሚጣል
- ስለት ያለው ቢላ
- ደብተርና እርሳስ
- የስልክ ካልኩሌተር

ሚዛኑን ሳታምኑት ፈትኑት። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ አስቀምጡበት። ከ500 ግራም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ጭማሪው የላስቲኩ ክብደት ነው። 450 ወይም 600 ካሳየ መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ፣ ከዚያ የተስተካከለ ወለል ላይ አድርጋችሁ ድገሙት።

ሚዛን ከሌላችሁ፦ የሰፈር እህል መሸጫ ወይም ሱቅ ውስጥ ሚዛን አይጠፋም። ለምናችሁ አስመዝኑ። ሌላው መንገድ ሥጋ ቤቱ ራሱ አጥንቱን ለብቻ እንዲመዝንላችሁ መጠየቅ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ ደረጃ 4 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ ዋጋዎቹን በአንድ ቀን ሰብስቡ

የዛሬን የበሬ ዋጋ ካለፈው ወር የዶሮ ዋጋ ጋር አታወዳድሩ። አንድ ጠዋት ምረጡና ሁሉንም ጠይቁ። ሂርማታ መርካቶ ዙሩ፤ ከዚያ በየሰፈራችሁ፣ አጂፕ ሁን ቦሳ ኪቶ ወይም ጅረን፣ ቢያንስ ሁለት ሥጋ ቤት ጨምሩ።

ሲጠይቁ የሚረሳ ነገር አለ። ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ ይህን ጻፉ፦

1. ከአጥንት ጋር ነው ወይስ ያለ አጥንት?
2. ቀይ ነው፣ ጮማ ነው ወይስ ቅልቅል?
3. ዶሮ ከሆነ በነፍሱ ነው ወይስ ተበልቶ የጸዳ? የሐበሻ ነው ወይስ የፈረንጅ?
4. ዓሣ ከሆነ ሙሉ ነው ወይስ አጥንቱ የወጣ ጥሬ ሥጋ?

ገበያ ላይ በኦሮምኛ መጠየቅ ይረዳችኋል። «ፎን ላፌ ሂን ቀብኔ» ማለት አጥንት የሌለው ሥጋ ማለት ነው። ይህችን ማወቅ ብቻ ብዙ አለመግባባት ታስቀራለች።

ጥንቃቄ፦ የበዓልን ሳምንት ለማወዳደሪያ አትጠቀሙ። አረፋ ሲቃረብ በግና ፍየል ይወደዳሉ። ፋሲካ ሲቃረብ ዶሮና እንቁላል ይሰቀላሉ። በጾም ወራት ደግሞ እንቁላል ረከስ ይላል፤ የማትጾሙ ከሆነ ያኔ ግዙ። ጅማ ላይ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ረቡዕና ዓርብም ስለሚሠሩ፣ ዐቢይ ጾም ላይ እንኳ ዋጋ የሚጠየቅበት ቤት አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ ሥጋ ቤት ስትገቡ

መጀመሪያ ማኅተሙን ፈልጉ። የተንጠለጠለው ሥጋ ላይ የቄራ ምርመራ ማኅተም መኖር አለበት። ካላያችሁ ጠይቁ። ካላሳዩአችሁ ውጡ፤ ርካሽም ቢሆን።

ቀጥሎ የምትፈልጉትን ክፍል በስሙ ጥሩ። «አንድ ኪሎ ሥጋ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ የቆራጩ ምርጫ ነው። ለጥብስ ሽንጥ ወይም ታላቅ በሉ። ለወጥ ወርች ይሆናል። ለቅቅል ጎድንና ቅልጥም። ፍሪምባና ሻኛ ስብ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ይጣፍጣሉ፣ ግን ለፕሮቲን ብላችሁ አትግዟቸው።

ከዚያ ቆራጩን እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ሥጋውን ለብቻው፣ አጥንቱን ለብቻው መዝንልኝ፤ ሁለቱንም እወስዳለሁ።» የመጨረሻዋ ሐረግ ወሳኝ ናት። አጥንቱን ልትመልሱበት እንዳልሆነ ካወቀ አይከፋውም። እኔ መጀመሪያ ሳልላት ቀርቼ ሰውዬው ተቀይሞኝ ነበር። አሁን ራሱ «አጥንቱ ይኸው እህቴ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ» እያለ ይነግረኛል።

ሚዛኑን እዩ። ሥጋው ከመቀመጡ በፊት ዜሮ ላይ መሆን አለበት። ወፍራም ወረቀት ወይም ትሪ ተደርጎ ከተመዘነ በትሕትና ዜሮ እንዲያደርገው ጠይቁ።

እምቢ ካለ፦ አትጣሉ። እንደተለመደው ግዙና ቤት መዝኑት። ቀጣዩን ደረጃ ያዘጋጀሁት ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ቤት መዝኑ፣ ለዩ፣ እንደገና መዝኑ

የመመሪያው ልብ ይህ ስለሆነ አትዝለሉት።

1. ባዶውን ሳህን ሚዛን ላይ አድርጉና ዜሮ ተጫኑ።
2. ሥጋውን እንደመጣ መዝኑ። ጻፉ።
3. አጥንቱን አውጡ። ነጩን ጅማትና የማይበላውን ሽፋን ግፈፉ። የማትበሉትን ስብ ቁረጡ።
4. የሚጣለውን ሁሉ በሁለተኛው ሳህን መዝኑ። ጻፉ።
5. የቀረውን ንጹሕ ሥጋ መዝኑ። ጻፉ።
6. አራተኛውና አምስተኛው ሲደመሩ ሁለተኛውን መስጠት አለባቸው። ከ20 ግራም በላይ ከተለያየ የሆነ ቦታ ዜሮ ማድረግ ረስታችኋል፤ ድገሙት።

መጀመሪያ የሞከርኩት እናቴ ቤት ነው። አንድ ኪሎ ከአጥንት ጋር የተገዛ የበሬ ሥጋ ነበር። እማዬ አጥንቶቹን አንድ በአንድ ሳህኑ ላይ ስትጥል ድምፁ ይሰማል። አንደኛው ላይ በመጥረቢያ የተሰበረ የአጥንት ስባሪ እንደ ጥርስ ተጣብቋል። አጥንቱ 230 ግራም ሆነ። ጅማትና የተገፈፈ ስብ 60። ንጹሑ ሥጋ 710። እማዬ ሚዛኑን ትንሽ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ይሄን ሁሉ አጥንት በሥጋ ዋጋ ነው የገዛሁት?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳትመዝን ምጣድ አትጥድም።

አጥንቱን ቅቅል ከሠራችሁበት፦ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከተቀቀለ በኋላ አጥንቱ ላይ የቀረውን ሥጋ በቢላ ፋቁና መዝኑ። የበሰለ ሥጋ ውሃው ስለሚወጣ ከጥሬው ሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የፋቃችሁትን ለ0.7 አካፍሉ። 70 ግራም ከፋቃችሁ 100 ግራም ጥሬ ሥጋ ነበር ማለት ነው። ወደ ንጹሑ ደምሩት።

መረቁን አትቁጠሩት። የቅልጥም መረቅ ይጣፍጣል፣ ይሞቃል፣ ለታመመ ሰው ያበላል። ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው፤ ያለውም በአብዛኛው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ሰውነት ከሚፈልጋቸው አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) አንዱ ጭራሽ የለውም። ልጅን መረቁን አጠጥታችሁ ሥጋውን ለአዋቂ ካቀረባችሁ ልጁ ከሥጋው ብዙም አላገኘም። እባካችሁ ይህን አስተካክሉ።

ለዶሮ፦ ሳይታረድ መዝኑት፤ እግሩን አስራችሁ ዘንቢል ውስጥ አድርጉት። ላባ፣ ሆድ ዕቃና አጥንት ሲወጣ ከነፍሱ ክብደት የሚበላው ግማሽ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። የሐበሻ ዶሮ አጥንቱ ስለሚያይል ከግማሽ በታች ጠብቁ። የዶሮ አጥንት ከጥሬው መለየት አድካሚ ስለሆነ፣ አብስላችሁ ከበላችሁ በኋላ አጥንቱን ሰብስባችሁ መዝኑና ከጸዳው ክብደት ቀንሱ። ትንሽ ስህተት ይኖረዋል፣ ግን ውሳኔውን አይቀይርም።

ለዓሣ፦ ከጊቤ ግድብ ሐይቅ የሚመጣውን ቆሮሶ ሙሉውን ስትገዙ ራሱ፣ ክንፉ፣ ቅርፊቱና አከርካሪው ብዙ ናቸው። አጥንቱ ወጥቶ የሚቀረው ሥጋ ሲሶ ገደማ ነው። ጠብሳችሁ በእጅ የምትበሉት ከሆነ ከራሱና ከአጥንቱ መካከል ስለምትለቅሙ ትንሽ ከፍ ይላል።

ጥንቃቄ፦ ዶሮ የተበለተበትን ቢላና መክተፊያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሳታጥቡ ሰላጣ አትክተፉበት። ሥጋውን እየመዘናችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት። ፍሪጅ ከሌላችሁ የዚያኑ ቀን አብስሉ።

ደረጃ 6፦ አስሉ

የሚያስፈልጋችሁ የፕሮቲን መጠን ይኸው። ሁሉም ለ100 ግራም ጥሬ፣ ንጹሕ ሥጋ ነው፦

- ቀይ የበሬ ሥጋ፦ 21 ግራም
- ጮማ የበዛበት የበሬ ሥጋ፦ 17 ግራም
- ፍየል፦ 20 ግራም
- በግ ከነስቡ፦ 17 ግራም
- ዶሮ፣ ደረትና እግር ተቀላቅሎ፦ 20 ግራም (ደረት ብቻ 22)
- ጉበት፦ 20 ግራም
- ጨጓራ፦ 12 ግራም
- ቆሮሶ ዓሣ፦ 20 ግራም
- እንቁላል፦ አንዱ 6 ግራም፣ ትንሹ የሐበሻ 5 ግራም
- ደረቅ ምስር፦ 24 ግራም

ምስርን ለምን አስገባሁ? ሳይገባ ስሌቱ ስለሚጎድል። ኋላ ታዩታላችሁ።

አሁን ሦስት ስሌት ብቻ፦

1. ንጹሕ ግራም × የፕሮቲን ቁጥር ÷ 100 = ጠቅላላ ፕሮቲን
2. የከፈላችሁት ብር ÷ ጠቅላላ ፕሮቲን = የአንድ ግራም ዋጋ
3. የአንድ ግራም ዋጋ × 20 = የአንድ ማዕድ ዋጋ

የእማዬን ኪሎ እንውሰድ። ዋጋው 900 ብር ነበር እንበል። 710 × 21 ÷ 100 = 149 ግራም። 900 ÷ 149 = 6.04። በ20 ሲባዛ 121 ብር።

አጠገቡ ያለው ሥጋ ቤት ጥሩ ቀይ ያለ አጥንት በ1,100 ብር ይሸጣል እንበል። ሽፋኑ ተገፎ 960 ግራም ቀረ። ፕሮቲኑ 202 ግራም። የአንድ ማዕድ ዋጋ 109 ብር። በኪሎ 200 ብር የተወደደው ሥጋ ነው የረከሰው። ብዙ ቤት «ውድ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ነው።

ሌሎቹንም በተመሳሳይ መንገድ ሠርቻቸዋለሁ፦

- ጉበት፣ ኪሎው 700 ብር፣ ንጹሑ 950 ግራም፦ 74 ብር
- የሐበሻ ዶሮ፣ 900 ብር፣ የሚበላው 620 ግራም፦ 145 ብር
- ሙሉ ቆሮሶ፣ ኪሎው 350 ብር፣ ሥጋው 350 ግራም፦ 100 ብር
- እንቁላል፣ አንዱ 16 ብር፦ 53 ብር
- ምስር፣ ኪሎው 180 ብር፦ 15 ብር

የእናንተ ቁጥር ይለያል። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይጠጋል፤ ምስር ከሁሉም በታች፣ እንቁላልና ጉበት መካከል፣ የሐበሻ ዶሮ ላይ። የሐበሻ ዶሮን ለጣዕሙና ለበዓሉ ግዙት፤ ለፕሮቲን ብላችሁ ከሆነ ግን እየከሰራችሁ ነው።

ፍየል ወይም በግ በነፍሱ ከገዛችሁ፦ በግምት አትሂዱ። ለአራጁና ለገፋፊው የከፈላችሁትን ዋጋው ላይ ደምሩ። ቆዳውን ከሸጣችሁት ቀንሱ። ሥጋውን ለብቻ፣ የሚበላውን ሆድ ዕቃ ለብቻ መዝኑ። ለምሳሌ 9,000 ብር የተገዛ ፍየል፣ ማሳረጃው 300 ብር፣ ንጹሕ ሥጋ 7.2 ኪሎ፣ የሚበላ ሆድ ዕቃ 1.4 ኪሎ ቢሆን፣ ሥጋው 1,440 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ሆድ ዕቃው ጉበትም ጨጓራም ስላለበት በአማካይ 15 ያዙለት፤ 210 ግራም። ድምሩ 1,650። የአንድ ማዕድ ዋጋ 113 ብር ይመጣል። ዱለቱን ከጣላችሁት ወይም ካከፋፈላችሁት ወደ 129 ብር ይወጣል።

ቅርጫ ከገባችሁ፦ የመደባችሁን ዋጋ ያዙና የደረሳችሁን መደብ እንደ ደረጃ 5 ለዩ። መደብ ሁሉም ነገር ስላለበት አንዱን ዓይነት ብቻ መዝናችሁ አትተዉት፤ ቀዩን፣ ጮማውን፣ ጉበቱን፣ ጨጓራውን ለየብቻ አስሉና ደምሩ። ጊዜ ይወስዳል። ግን ለአንድ ጊዜ ብትሠሩት ቅርጫው ያዋጣችሁ እንደሆነ በቁርጥ ታውቃላችሁ።

ውጤቱ የማይታመን ከመጣ፦ ከእነዚህ አንዱ ነው። አንድ፣ የበሰለ ክብደት ከጥሬ ቁጥር ጋር አባዝታችኋል። የበሰለ ሥጋ በ100 ግራም ወደ 28 ግራም ይጠጋል፣ ውሃው ስለወጣ። ሁለት፣ ግራምና ኪሎ ተቀላቅሏል። ሦስት፣ ለ100 ማካፈል ረስታችኋል።

ቋንጣ፦ ቋንጣ በ100 ግራም ከ50 ግራም በላይ ፕሮቲን ስላለው ሰው ተአምር ይመስለዋል። የጥሬ ቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲሄድ ቀሪው ይታመቃል። ስለዚህ ቋንጣን በጥሬው ክብደትና በጥሬው ዋጋ አስሉት። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ቋንጣ አትስቀሉ። እርጥበቱ ሳይደርቅ ያሻግተዋል። የሻገተ ቋንጣ ታጥቦ አይበላም፤ ይጣላል።

ደረጃ 7፦ ከዋጋው አጠገብ ሁለተኛውን ዓምድ፣ የጤናውን፣ ጨምሩ

ርካሹ ሁሉ ለእናንተ ይስማማል ማለት አይደለም። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን መስመር አውጡና ከዚህ ጋር አስተያዩ።

*ብረት ለሚያስፈልጋችሁ፦* ጉበት ቀዳሚ ነው፣ በ100 ግራም 5 ሚሊግራም አካባቢ። ፍየልና ቀይ የበሬ ሥጋ ከ2 እስከ 3። ዶሮና ዓሣ ብዙውን ጊዜ ከ1 በታች። የሥጋ ብረት ከምስር ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ሥጋና ምስር አብረው ሲበሉ ደግሞ ሥጋው የምስሩን ብረት እንዲገባ ያግዘዋል፤ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ ለጅማ ሰው ከባድ ነገር ልናገር ነው። ቡናው ምግቡን ተከትሎ አይፍላ። ቡናና ሻይ በተለይ የምስርን፣ የሽሮንና የእንጀራን ብረት ያግዱታል፤ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጣም ያግዳል። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ ወይም ከምግቡ አስቀድማችሁ ጠጡ። ደም ያነሰው ሰው ቤት ካለ ይህን ሳታስተካክሉ ጉበት መግዛት ብቻውን አይበቃም።

*ለነፍሰ ጡር፦* ጉበት አትስጡ። ቫይታሚን ኤ በጣም ስለሚበዛበት ለፅንሱ ያሰጋል። በምትኩ ቀይ ሥጋና በደንብ የበሰለ እንቁላል ስጡ። ለሌላ አዋቂ ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

*ሪህ ላለበት፦* ጉበት፣ ኩላሊትና ሌላ ሆድ ዕቃ ያባብሱበታል። ይቅርበት።

*ስብ ለሚቀንስ፦* ፍየል፣ ቆሮሶና ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት ዝቅተኛ ስብ ናቸው። ፍየል በ100 ግራም 2 ወይም 3 ግራም ስብ ብቻ ነው ያለው። በግ ከነስቡ ከ15 በላይ ሊደርስ ይችላል።

*ለትንሽ ልጅ፦* ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን ሥጋው በደንብ በስሎ፣ በጣም ደቅቆ፣ ገንፎ ወይም ፍትፍት ውስጥ ይግባ። ቁራጭ ሥጋ አታስይዙት፤ ያንቀዋል።

ቫይታሚን ቢ12ን በተመለከተ ምስርና ሽሮ የላቸውም። ከእንስሳ ብቻ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ምስር የቱንም ያህል ቢረክስ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አትዙሩ፤ እንቁላል ወይም ወተትም ቢሆን በሳምንቱ ውስጥ ይኑር።

ጥሬ ሥጋ፦ ስሌቱ ውስጥ ጥሬ ከሆነ የተሻለ ፕሮቲን አያስገኝም። የተጠበሰውም ያው ነው። የሚያስገኘው የኮሶ ትል ሥጋት ነው። ቁርጥ የምትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለልጅና ለነፍሰ ጡር ግን በጭራሽ አታቅርቡ።

ደረጃ 8፦ ሳምንቱን ደልድሉ

አሁን ቁጥሮቹ እጃችሁ ላይ ናቸው። አራት ሰው ላለበት ቤት እኔ እንዲህ ነው የምሠራው። ምስር ወይም ሽሮ በየቀኑ አንዴ አለ፤ ርካሹ መሠረት እሱ ነው። ጤፍ እንጀራው የጎደለውን አሚኖ አሲድ ስለሚሞላለት አብረው ይሄዳሉ። እንቁላል ሦስት ቀን። ጉበት አንድ ቀን፣ 300 ግራም ለአራታችን፣ ቃሪያና ሽንኩርት በዝቶበት። አንድ ኪሎ ጥሩ ቀይ ደግሞ ባንዴ አላበስለውም። መዝኜ በአምስት ከፍዬ በላስቲክ አስሬ በረዶ ቤት አስገባዋለሁ። አንዱ 200 ግራም ምስር ወጥ ውስጥ ሲገባ ለሁሉም ሰው ሥጋ ይደርሳል፤ የምስሩም ብረት ይጠቅማል።

ፍሪጅ ከሌላችሁ፦ ኪሎ አትግዙ። ሩብ ኪሎ ጥሩ ቀይ ጠይቁ። አንዳንድ ቆራጭ ሩብ ኪሎ ሲባል ፊቱን ያዞራል፤ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂዱ።

ቤተሰቡ እምቢ ካለ፦ በተለይ ዶሮ ወጡ ከቀነሰ ይከፋቸዋል። ዶሮውን አታስቀሩ፣ ቀኑን አራርቁት። በመካከሉ እንቁላል ወጥ በዚያው ቁሌት ሥሩ። ቅመሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው ያው ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይለምዱታል።

የከሰል ወጪ ካስጨነቃችሁ፦ የጎድንና የወርች ቅቅል ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ከሰሉን በብር አስቡና ዋጋው ላይ ደምሩ። ያኔ ጉበትና እንቁላል ይበልጥ ይረክሳሉ፣ በደቂቃዎች ስለሚበስሉ።

የሠራችሁትን ሠንጠረዥ ቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። የንጹሕ ግራሙንና የፕሮቲኑን ዓምድ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ እነሱ ብዙ አይለወጡም። የዋጋውን ዓምድ ግን በእርሳስ። በወር አንዴ፣ ሐሙስ ከገበያ ስትመለሱ፣ እሱን ብቻ አጥፍታችሁ አዲሱን ጻፉ።